መቼ ነው የሞትኩት?

ሹፌሩ መሞቱን የሰማው ታክሲው ውስጥ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ነው።

ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች እህትማማቾች ይመስላሉ። ከልብስ መደብር ወጥተው ነው የተሳፈሩት። ታላቅየዋ ከወረቀት ከረጢቱ ቀሚስ አውጥታ ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች። ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ክብ ክብ የተጣለበት፣ በሰም እየታተመ የሚቀለም፣ ዋክስ የሚሉት ደማቅ ጨርቅ ነው። ታናሽየዋ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችውን ካርድ ገልብጣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«‹ይህን ልብስ የሰፋችው እናት ባለቤቷን በሞት ያጣች ናት። ሁለት ሴት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። እርስዎ ይህን ሲለብሱ የእሷን ጎጆ ያቆማሉ።› ወይኔ፣ አንጀቴን በላችው!»

«ነፍስ ይማር» አለች ታላቅየዋ።

«ነፍስ ይማር» አለ ሹፌሩም፣ ዝም ማለት ነውር መስሎት።

«ደግሞ መልኳ! እያት እስቲ ሹፌር፣ ገና ልጅ እኮ ናት» ብላ ታናሽየዋ ካርዷን በወንበሮቹ መሃል አሾልካ አሳየችው።

የሚስቱ ፎቶ ነው። በአንድ በኩል ብቻ የምትስቀዋን ሳቅ እየሳቀች፣ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያሉት ጥሩንባቸውን አንባረቁበት። ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ ጠፋበት።

«ምነው፣ ታውቃታለህ እንዴ?»

«አይ። ሰው መስላኝ ነው።»

ተራ አብረውት የሚጠብቁት ሹፌሮች «ቀስ በል» ነው የሚሉት። አነዳዱም፣ አነጋገሩም፣ ንዴቱም ዝግ ያለ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መኪናውን አዙሮ ሚስቱ ወደምትሠራበት ይከንፍ ነበር። እሱ ግን ሴቶቹን ካሉት ቦታ አድርሶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ፣ ጥግ ይዞ ቆመና መሪውን እንደጨበጠ ብዙ ቆየ።

አንድ ነገር ነበር ልቡን ያልተወው። ከዚህ በፊት፣ ልጆቹ ገና ትንንሽ ሳሉ፣ ሩቅ ከተማ ሕንፃ ሥራ አለ ተብሎ ሄዶ ሁለት ዓመት ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ ገንዘብ ይልክ ነበር፤ ኋላ መላኩም መደወሉም ቀረ። ሲመለስ ሚስቱን ሥራ ይዛ፣ ቤቱን አቁማ አገኛት። እንዴት እንደኖረች አልጠየቃትም። ለምን እንደጠፋ አልጠየቀችውም። «እንኳን በሰላም ገባህ» አለችው፣ ልጆቹን አቀፈ፣ በቃ። በነገሩ ላይ ፍራሽ አንጥፈው ተኙበት። አሁን ያቺ ካርድ ፍራሹን ገለበጠችው።

ሚስቱ የምትሠራበት ቤት በከተማው የታወቀ ነው። በሩ ላይ «ማንም ያልተበደለበት ልብስ» ተብሎ ተጽፏል። ጥጡን ያበቀለው፣ ጨርቁን ያተመው፣ ልብሱን የሰፋው ሁሉም የልፋቱን ያገኛል፤ ቁርጥራጭ እንኳ አይጣልም፣ ቦርሳና የፀጉር ማሰሪያ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሚስቱ ናት የነገረችው፣ ደረቷን ነፍታ። እሷ እጅጌ ነው የምትሰፋው። ከእሷ እጅ የወጣ እጅጌ ትከሻ ላይ ሲያርፍ አይሸበሸብም። ከዚያ የተነሳ ሥራ ቦታ «እጅጌ» ይሏታል፣ ቅጽል መሆኑ ተረስቶ ስሟ እስኪመስል ድረስ።

በዚያ ምሽት እጅጌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀ ክር ትለቅም ነበር። ሹፌሩ ጫማውን እየፈታ፣ ፊቷን ሳያይ፣

«ሥራ ቦታ ፎቶ ያነሷችኋል እንዴ?» አላት።

ቀና አለች። «ለምን?»

«እንዲያው ነው።»

«አንተ እንዲያው ጠይቀህ አታውቅም።»

«ዛሬ ጠየቅኩ።»

«ገና እንደገባሁ አንዴ አንስተውናል።»

«ማነው ያነሳሽ?»

«ካሜራ ያለው ሰው ነዋ!» ብላ ክሯን መልቀም ቀጠለች። ግን ከዚያ በኋላ እየለቀመች ሳይሆን እያሰበች እንደነበር ጣቶቿ ያስታውቁ ነበር።

ሹፌሩ «ወንድ ነው ሴት?» ሊል ነበር፤ ዋጠው። በጎኑ ተጋድሞ ነገሩን ሲያብላላ አደረ። አንዲት ሴት በሕይወት ያለ ባሏን ሞተ ካለች፣ ወይ ሰው እንዲያዝንላት ነው፣ ወይ ለሌላ ወንድ በር እየከፈተች ነው። የመጀመሪያውን ቢሆን ይችለው ነበር።

በማግስቱ ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት መኪናውን አቁሞ ጠበቀ። በትልልቆቹ መስኮቶች ውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሴቶቹ በማሽኖቹ ላይ ጎንበስ ብለዋል፣ ከጀርባቸው ጥቅል ጨርቅ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ጨርቅ የሚያመላልሰው ጎረምሳ ጥቅሉን ከትከሻው አውርዶ እጅጌ አጠገብ ቆመና አንድ ነገር አላት። እጅጌ አፏን በእጇ ሸፍና እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች።

ቤቱ ውስጥ እንዲህ ስትስቅ መቼ ነው ያያት? ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። መኪናውን አስነስቶ እህትማማቾቹ ቀሚሱን ወደገዙበት መደብር በቀጥታ ሄደ።

መደብሩ መስታወት በመስታወት ነው። ሻጯ ወጣት ናት፤ በፈገግታ ተቀበለችው።

«ለማን ነው ጋሼ?»

«ለሚስቴ።»

«ቁመቷስ?»

እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ አሳያት። ከዚያ የተሰቀሉትን ቀሚሶች እየገፋ ካርዶቹን መገልበጥ ጀመረ። የማያውቃቸው ሴቶች ፊት ተራ በተራ አለፈ። በመጨረሻ የራሱን ሚስት አገኛት።

«ይቺ ሴትዮ...»

«እሷ? የእሷን ሰዉ ሁሉ ነው የሚመርጠው። ታሪኳ ያሳዝናል።»

«ባሏ ምን ሆኖ ነው የሞተው?»

«እሱን እንኳ በደንብ አላውቅም። ሠርቶ ሊያመጣ ርቆ ሄዶ እዚያው ቀረ ነው የሚሉት። ከሕንፃ ላይ ወድቆ ነው ያሉኝም አሉ።»

ሹፌሩ ሳያውቀው ወገቡን ዳበሰ። «ለመሆኑ ጥሩ ሰው ነበር ይባላል?»

«ከሞተ በኋላ ማን ክፉ ይለዋል ጋሼ?»

«እሷስ? ሰው አልያዘችም?»

የሻጯ ፈገግታ ደረቀ። «ይቅርታ፣ እርስዎ ምኗ ነዎት?»

«ምኗም አይደለሁ። ገዢ ነኝ» አለና መግዛቱን ለማሳየት አጠገቡ ካለው መደርደሪያ ያገኘውን አንስቶ ከፈለ። ከቁርጥራጭ የተሰፋች ትንሽ የእጅ ቦርሳ ናት። ታክሲው ውስጥ ሲገባ ዋጋዋ እንደተለጠፈባት ከወንበሩ ሥር ወሸቃት። ሻጯ በመስታወቱ ውስጥ አንገቷን አስግጋ እያየችው መሆኑን አላስተዋለም።

ቦርሳዋን ያገኘችው ትንሿ ልጅ ናት። አባቷ ሊታጠብ ሲገባ እሷ ታክሲው ውስጥ የወደቀ እርሳሷን ስትፈልግ ከወንበሩ ሥር ጎትታ አወጣቻት።

«እማዬ፣ አባዬ የሴት ቦርሳ አለው!»

እጅጌ ቦርሳዋን ተቀብላ አገላበጠች። ጨርቁን ታውቀዋለች። ሰማያዊ ላይ ቢጫ ክብ፤ የእሷ እጅጌዎች ሲቆረጡ የተረፈ ነው። ዋጋው አልተነሳም፣ ውስጡ ባዶ ነው። ስለዚህ ተሳፋሪ የረሳችው አይደለም። አንድ ሰው ለአንዲት ሴት የገዛው ነው።

«ተሳፋሪ ረስታው ነው። እኔ እሰጠዋለሁ» አለቻት ልጇን፣ ድምጿን አስተካክላ፤ ቦርሳዋን ግን ልብሶቿ መሃል ደበቀቻት።

እጅጌ በልቧ ያኖረችው ነገር ነበራት። ባሏ ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ሰው ሁሉ «ሌላ ቤት መሥርቶ ይሆናል» ይላት ነበር። ጎረቤት በምክር መልክ፣ እህቷ በንዴት መልክ። እሷ አላመነችም፤ አልካደችምም። ሲመለስ አለመጠየቋ ትዕግሥት አልነበረም፣ መልሱን ፈርታ ነው። እና አሁን ይኸው ፎቶ ማን አነሳሽ እያለ ያፋጥጣታል፣ ሰዓቱን እያዛባ ይገባል፣ የሴት ቦርሳ ይደብቃል። ሌባ ሌላውን ሌባ ሲል መስማት እንዴት ይከብዳል ብላ አሰበች። እራት አቀረበችለት። ሁለቱም «ጨው አነሰው» እንኳ ሳይባባሉ በሉ።

በማግስቱ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ቅዱን የምታወጣው ዲዛይነር፣ እጅጌን ወደ ቢሮዋ አስጠራቻት። ድምጿን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት ናት። በሩን ዘጋችው።

«አንድ ሰው መደብር ገብቶ ስለ አንቺ ሲጠያይቅ ነበር አሉ። አስፈርቷቸዋል። የሟች ወንድም አለ እንዴ? የውርስ ጠብ ምናምን?»

«የየትኛው ሟች?»

«የባለቤትሽ ነዋ።»

«ባለቤቴ? ባለቤቴ እኮ አሁን ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራው ሄደ።»

ዲዛይነሯ ከመሳቢያዋ አንዲት ካርድ አውጥታ ሰጠቻት። ካርዶቹ የሚንጠለጠሉት መደብሩ ውስጥ ስለሆነ ሰፊዎቹ አይተዋቸው አያውቁም። እጅጌ አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«አንቺ የነገርሻት ልጅ ናታ! ፎቶ ያነሳችሽ። አታስታውሻትም?» አለች ዲዛይነሯ። «እንደዚህ አይነት ነገር እኔ አልወድም። ባል ለሌላቸው ቅድሚያ እንደምንሰጥ ሰምተሽ ገብተሽ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ።»

«ልጅቷ ‹ባለቤትሽስ?› አለችኝ። ‹የለም› አልኳት። አልነበረማ! ደግማ አልጠየቀችኝም። የዓይኗን እንባ ጠርጋ ሄደች፣ እኔም ምን ሆነች ብዬ ገርሞኝ ነበር።»

«የለም?»

«የለም።»

ዲዛይነሯ ግንባሯን ያዘች። የሰማችውን ማመን የፈለገች፣ ግን ያቃታት ትመስላለች። «ደንበኛ አንዲት ውሸት ካገኘ ሁሉንም ውሸት ነው የሚለው። ጥጡም ውሸት፣ ቀለሙም ውሸት፣ ክፍያውም ውሸት። ነገ ይዘሽው ነይ። በዓይኔ ልየው።»

«ያ የጠየቀው ሰውዬ ምን ይመስላል አሉ?» አለች እጅጌ ከበሩ ስትደርስ።

«አጠር ያለ። ታክሲ ነው የያዘው። ሲናገር ቀስ ይላል አሉ።»

ሹፌሩ ለምሳ ሲገባ ሚስቱን ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ቤት ቀድማው አገኛት። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ምግብ የለም። አንዲት ካርድና አንዲት የእጅ ቦርሳ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ቁጭ በል፣ ሟቹ» አለችው።

አልተቀመጠም። «በቁሜ ቀበርሽኝ!»

«አልቀበርኩህም። የምቀብረው ሰው የት ነበር? ባልሽስ አሉኝ፣ የለም አልኩ። ምን ልበል? ‹አለ፣ ግን የት እንዳለ አላውቅም፣ ስልኩ ዝግ ነው› ልበል?»

«ልትይ ትችይ ነበር።»

«ለማላውቃት ልጅ? ካሜራ ደግናብኝ?» ቦርሳዋን ወደ እሱ ገፋችው። «ይሄስ የማን ናት?»

«የማንም።»

«ስሟ ማንም ነው?»

«ስለሞቴ ልጠይቅ መደብር ስገባ ነው የገዛኋት! ባዶ እጄን ብወጣ ይጠረጥሩኛል ብዬ።»

«ታዲያ ለምን ደበቅካት?»

«ምን ብዬ ልስጥሽ? ‹እንኪ፣ ሬሳዬን ፍለጋ ሄጄ ገዛሁልሽ› ልበል?»

እጅጌ ሳቋ መጣ፤ ከንፈሯን ነክሳ መለሰችው። ጊዜው የመሳቅ አልነበረም።

«ያ ጨርቅ ተሸካሚውስ?» አለ ሹፌሩ በዚያው። «ምን ብሎሽ ነው እንደዚያ የሳቅሽው?»

«የቱ? ሱሪው ተቀዶበት ስፊልኝ ያለኝ? ...ቆይ፣ አንተ ደግሞ በየት በኩል አየኸኝ?»

ሹፌሩ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። በሁለቱ መካከል ካርዷና ቦርሳዋ እንደ ሁለት ምስክር ተጋድመው ቀሩ፤ ማንም አልነካቸውም።

በማግስቱ አብረው ወደ ስፌት ቤቱ ሄዱ። ዲዛይነሯ ሹፌሩን ከጫማው እስከ ፀጉሩ አየችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባሏ ለመሆንዎ ማስረጃ አለ?»

«መሞቴን ስትጽፉ ማስረጃ ጠይቃችኋል?» አለ ሹፌሩ ቀስ ብሎ።

በሩ ክፍት ነበር። ማሽኖቹ አንድ ባንድ ዝም አሉ። የቀሚስ ጫፍ የምትዘመዝመው፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለው ሴት ከወንበሯ ተነሳች።

«እጅጌ ባሏን ከገደላችሁባት፣ የኔስ ካርድ ምን ይላል?»

ዲዛይነሯ አመነታች። ሴትየዋ ግን በሩን ይዛ ቆመች። ካርዱ ተፈልጎ መጣ፣ ዲዛይነሯ ራሷ አነበበችው። «‹ከጎዳና ሕይወት ተላቃ...›»

«የምን ጎዳና?» ዘምዛሚዋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አባቴ የሠራው ቤት ውስጥ ተወልጄ፣ አሁንም እዚያው ነኝ! ጎረቤት ቢሰማ ምን ይለኛል?»

አንዷ ሳቀች። ሳቁ ከማሽን ወደ ማሽን ተላለፈና መሃል ላይ ቆመ፤ እያንዳንዷ የራሷን ካርድ ማሰብ ጀመረች።

ዲዛይነሯ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝ አድርጋ ቆመች። እጅጌ ከዚያ በፊት አፍራ አይታት አታውቅም። «ክፍያችሁን አጉድዬ አላውቅም» አለች። «ጨርቁንም ከየት እንደሚመጣ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ታሪኩን ግን ለልጅቷ ተውኩት። ሲሸጥ አየሁ፤ እውነት ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።» ከዚያ ወዲያው፣ እንደ ነጋዴ፣ ዓይኗ በራ። «ግን እኮ አሁን የተሻለ ታሪክ አለን። የጠፋው ባል ሲመለስ! ሁለታችሁን ጎን ለጎን ፎቶ...»

«አይሆንም» አሉ ባልና ሚስት እኩል። ከስንት ቀን በኋላ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ነበር።

«እጅጌውን ማን እንደሰፋው ጻፉ» አለች እጅጌ። «ቤቴን ተዉልኝ።»

እንደዚያው ሆነ። በአዲሶቹ ካርዶች ላይ ማን ቆረጠ፣ ማን ሰፋ፣ ማን ዘመዘመ ብቻ ይጻፍ ተባለ። ገበያው ለጊዜው ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፤ ዲዛይነሯም እጅጌን ስታይ ቅር እንደሚላት ያስታውቅ ነበር። ሥራዋን ግን አልነካችባትም።

ከስፌት ቤቱ ሲወጡ ሹፌሩ መኪናውን አላስነሳም። እጅጌ ከጎኑ ተቀምጣለች።

«ያኔ ‹የለም› ስትይ» አለ፣ ፊት ፊቱን እያየ፣ «የትኛውን ነው ያልሽው?»

«ምን የትኛውን?»

«አልተመለሰም ነው ወይስ ሞቷል?»

«ያን ቀን እኔም አላውቅም ነበር። ሁለቱንም አስቤዋለሁ። ሞቶ ከሆነ ይሻላል ያልኩበት ቀንም አለ።»

ይህን ይጠብቅ የነበረ ይመስል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ ተጠይቆ የማያውቀውን፣ ተናገረ። የሕንፃው ሥራ ጥቂት ወር ብቻ ነው የቆየው፤ አሰናበቱት። ባዶ እጁን መመለስ አፈረ። አንድ ግቢ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ፣ በር ላይ ባለች የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ አደረ። ስልኩን የዘጋው ልጆቹ «መቼ ትመጣለህ» ሲሉት የሚመልሰው ስላጣ ነው።

«ሴትስ?»

«ሴት አልነበረችም።»

እጅጌ ጉንጩን ከጎን አየችው። ቶሎ መለሰ። ቶሎ የመለሰው እውነት ስለሆነ ይሁን አስቀድሞ ስላዘጋጀው መለየት አቃታት።

«ታዲያ ያን ግቢ አሳየኝ» አለችው።

«እሺ።»

ልጆቹን ለእህቷ ትተው በአውቶቡስ ሄዱ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ብዙም አላወሩ። ከተማው ሲደርሱ ሹፌሩ ሁለት ጊዜ መንገድ ተሳሳተ፣ በሁለቱም ጊዜ እጅጌ ዓይን ዓይኑን አየችው። በመጨረሻ አንድ አጥር ፊት ቆመ። ግቢው ፈርሶ አዲስ ሕንፃ ተጀምሮበታል። ጎጆ የሚባል ነገር የለም። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ወጣት ነው። የድሮውን ባለቤት አላውቅም፣ ሸጠው ሄደዋል አለ። ሹፌሩን አይቶት አያውቅም። ማዶ ያለችው ባለሱቅም ሱቁን በቅርብ ነው የያዝኩት አለች።

ሹፌሩ «እዚህ ጋ ነበር» እያለ አጥሩን ተከትሎ ተመላለሰ። «በሩ እንዲህ ነበር የሚከፈተው። እዚህ ጋ ዛፍ ነበር፣ እዚህ ጋ ደግሞ ውሻው...» ሲሚንቶና ብረት ብቻ ነው የሚታየው። እጅጌ የዛፍ ጉቶ እንኳ ካለ ብላ በዓይኗ ፈለገች። አልነበረም።

«አላመንሽኝም» አላት፣ አጠገቧ መጥቶ ሲቆም።

እጅጌ የአጥሩን ቆርቆሮ ይዛ ወደ ውስጥ ስታይ ቆየች። ሠራተኞቹ በእንጨት መወጣጫው ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

«ማየት የሚቻለውን አየሁ» አለችው። «ከዚህ በኋላ የማየው ነገር የለም። ስለዚህ አምኜህ ልኑር። ማመን ያቃተኝ ቀን እነግርሃለሁ፣ አልደብቅህም። አንተም እንደዚያው። ከመስኮት ማዶ ቆመህ እንዳታየኝ፤ ገብተህ ጠይቀኝ።»

«እሺ» አለ።

«ቶሎ እሺ አትበል። አስብበት።»

ሹፌሩ የእውነት አሰበበት፣ እሷም ጠበቀችው። የሚመለሰው አውቶቡስ ጥሩንባ ከወዲያ ሲሰማ፣

«አስቤበታለሁ። እሺ» አላት፣ እና መንገዱን ተሻገሩ።